የርብ ውሃ አንባቢና የፓርላማው እረፍት

አለኸኝን የማውቀው ከልጅነታችን ጀምሮ ነው። ወረታ ላይ እስከ ስድስተኛ ክፍል በአንድ ወንበር ተቀምጠን ተምረናል። እኔ ትምህርቱን ቀጥዬ መምህር ሆንሁ። እሱ አባቱ ሲሞቱ ወደ ማሳው ተመለሰና ሩዝ ገበሬ ሆኖ ቀረ። ቀበሌው ከአስፓልቱ ወደ ጣና በኩል ገባ ብሎ ርብ ወንዝ ዳር ነው፤ ከወረታ በእግር ሦስት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ይህን የምለው ስለ በጋው ነው። በክረምት ሜዳው ሁሉ ውሃ ስለሚሆን መንገድ የሚባል ነገር የለም።

የ1998ቱ ትልቁ ጎርፍ ባለፈ በዓመቱ፣ ከውሃ መሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች ወንዙ ዳር ከታች እስከ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ብረት ተከሉ። የብረቱ ቁመት አምስት ሜትር ነው። በየቀኑ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ውሃው የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ አይቶ የሚጽፍ ሰው ሲፈልጉ፣ የቀበሌው ሰው አለኸኝን ጠቆመ። ጽሕፈቱ ጥሩ ነው፤ ቤቱም ለወንዙ ቅርብ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «ውሃ አንባቢው» ሆነ።

ሥራውን አጥብቆ ያዘው። ሠርግ ላይም ይሁን ለቅሶ ላይ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ጋቢውን አጣፍቶ ይነሳል። ይፋግ ገበያ በሬ ሊሸጥ ሲሄድ ሚስቱ ይርጋለም በእሱ ፈንታ ታያለች። እሷ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቁጥር ግን ታውቃለች፤ በከሰል ግድግዳው ላይ ጽፋ ትቆየዋለች። መሥሪያ ቤቱ በየሦስት ወሩ አንድ ቅጂ ይወስዳል። አለኸኝ ደግሞ ለራሱ በደብተር ይገለብጥና በላስቲክ ጠቅልሎ ከጣሪያው ማገር ላይ ይሰቅለዋል፤ ክረምት ውሃው ቤት ድረስ ይገባል።

ግምት አይወድም። «ውሃው ጉልበት ደርሷል» ያለውን ሰው «የማን ጉልበት?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ይስቅበታል፤ እሱ ግን የምሩን ነው።

በ2014 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ ገደማ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣ። ላብ አጥምቆታል። ከኮቱ ኪስ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አወጣና ሰጠኝ።

«አንብብልኝ።»

«አንተ ማንበብ አቃተህ?»

«አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አሁን አንተ አንብበውና ምን እንደሚል ንገረኝ።»

ደብዳቤው አጭር ነበር። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን አሠራርና ዓመታዊ የጊዜ ሰሌዳ ለማሻሻል በሚደረግ ጥናት ላይ ሰኔ 4 ቀን ወረታ ውይይት ስለሚካሄድ፣ አቶ አለኸኝ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ የያዙትን የውሃ ከፍታ መዝገብ በሙሉ ይዘው እንዲገኙ ይላል። እኔም ሦስት ጊዜ አነበብሁት።

«ገባህ?» አለኝ።

«ቃሉ ገብቶኛል። ነገሩ ግን አልገባኝም።»

«እኔም እንደዚያው ነኝ። ፓርላማን ከርብ ውሃ ጋር ምን አገናኘው?»

 በስብሰባው ላይ ቃለ ጉባኤ እንድይዝ እኔም ተጠርቻለሁ፤ ከተማው ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ሲኖር በጽሕፈቴ የተነሳ ይጠሩኛል፤ ይህን ስሠራ ሃያ ዓመት ሆኖኛል። ግን ለእኔም ቢሆን ስለ ውሃ የነገረኝ የለም።

ቀበሌው ውስጥ ደግሞ ወሬው ሌላ መልክ ያዘ። «የጊዜ ሰሌዳ» የሚለው ቃል ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው ሲሄድ «ካሌንደር» ሆነ። ካሌንደሩ ሊሻሻል ነው ተባለ። ሳምንት ሳይሞላ ጳጉሜን ሊያነሷት ነው የሚል መጣ። እማዋይሽ የተባሉ አሮጊት ጎረቤቱ በምርኩዝ እየተደገፉ ደጃፉ ድረስ ሄዱ።

«አለኸኝ፣ ልጄ፣ ሌላውን እንዳሻቸው ያድርጉት» አሉት። «የማኅበሬን ቀን ግን እንዳይነኩብኝ ንገርልኝ። በየወሩ በሃያ አንድ ነው።»

«እነግራለሁ፣ እማማ» አላቸው። ምን ይበላቸው?

ያን ቀን ከእኔ ቤት ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመና «ፓርላማ ሰው ያስራል?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ሕግ ያወጣል እንጅ አያስርም። ለምን ጠየቅኸኝ?»

«እንዲያው ነው» አለና ሄደ። ፊቱ ግን እንዲያው የጠየቀ ሰው ፊት አልነበረም።

ሰኔ 4 ቅዳሜ ነበር። አዳራሹ በጠዋቱ ሞላ። የወረታ ነጋዴዎች፣ መምህራን፣ ካህናት፣ የመስጊድ ሽማግሌዎች፣ ከየቀበሌው የመጡ ገበሬዎች ተቀምጠዋል። አለኸኝ አሥራ አምስት ደብተር በማዳበሪያ ጆንያ ይዞ እኔ ከምጽፍበት ጠረጴዛ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ጆንያውን ጭኑ ላይ አድርጎ በሁለት እጁ ይዞታል።

መድረኩን የሚመሩት የአካባቢው ተወካይ የተከበሩ ሰውመሆን ነበሩ። ከተመረጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። አጠገባቸው የጥናት ቡድኑ አባል የሆነች ሂክማ የምትባል ወጣት ተቀምጣለች። ሂክማ የወረታ ልጅ ናት፤ አባቷ ጀላል ገበያው ዳር የጨርቅ ሱቅ አለው። ባሕር ዳር ስትማር የመመረቂያ ጽሑፏን የጻፈችው በፎገራ ጎርፍ ላይ ነበር፤ በአለኸኝ ቁጥሮች ነው የጻፈችው። ሰውየውን ግን ከዚያ ቀን በፊት አይታው አታውቅም።

ሂክማ ተነስታ ነገሩን ማስረዳት ጀመረች። ምክር ቤቱ በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ሥራ ይጀምራል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። በዓመቱ መሃል የአንድ ወር እረፍት ሊወስድ ይችላል። ጥናቱ የሚጠይቀው፦ ጉባኤው በሳምንት ስንት ቀን ይሰብሰብ? ቋሚ ኮሚቴዎች መቼ ይቀመጡ? ተወካዮችስ ወደ መረጣቸው ሕዝብ የሚሄዱት መቼ ይሁን?

ዙሪያዬን አየሁ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ከፊታቸው ግን ምንም እንዳልገባቸው ያስታውቃል። አንድ ገበሬ ከኋላ እጁን አወጣ።

«ይቅርታ፣ ልጄ። ጳጉሜን ትኖራለች ወይስ ትነሳለች?»

ሂክማ ተወካዩን አየቻቸው፤ ተወካዩ ሂክማን አዩአት።

«ጳጉሜን ማን ነካት?» አሉ የተከበሩ ሰውመሆን።

ይህን ለማስተካከል ብቻ ግማሽ ሰዓት ሄደ። ተስተካክሎም ግማሹ ሰው ያመነ አይመስለኝም።

ከዚያ ሂክማ ፕሮጀክተር አበራች። ግድግዳው ላይ እንደ ተራራ ከፍና ዝቅ የሚል ሰማያዊ መስመር ታየ። በመስመሩ መሃል ቀያይ ምልክቶች አሉ።

«ሰማያዊው የርብ ውሃ ከፍታ ነው» አለች። «አሥራ አምስቱንም ዓመት በየቀኑ የመዘገቡልን ጋሼ አለኸኝ እዚህ አሉ። ቀዩ ተወካዮች ለሕዝብ ውይይት የመጡባቸው ቀናት ናቸው። እንደምታዩት አብዛኛው ቀይ የወደቀው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው። ረዥሙ እረፍት ያኔ ስለሆነ ነው። በዚያ ጊዜ ደግሞ የሜዳው ቀበሌዎች በውሃ ተከበዋል።»

አለኸኝ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ። «ቀዩ የኔ ስህተት ነው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አይደለም። ተወካይ የመጣበት ቀን ነው።»

«ታዲያ ለምን ቀይ አደረጉት?»

ልመልስለት ስል ሂክማ አንዱን ቦታ አጉልታ አሳየች። ነሐሴ 13 ቀን 2006 ዓ.ም.፣ አራት ሜትር ከሠላሳ ሰባት። «ይህ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከፍተኛው ነው» አለች። «ቡሄ ዕለት። ከዚያ አንድ ቀን ቀደም ብሎ፣ በአሥራ ሁለት፣ በዚሁ አዳራሽ የተወካይና የሕዝብ ውይይት ተደርጓል። ለምክር ቤቱ በምናቀርበው ጽሑፍ ፊተኛው ገጽ ላይ የምናደርገው ይህን ነው።»

አለኸኝ ተነሳ። ጆንያው ከጭኑ ወድቆ ደብተሮቹ ወለሉ ላይ ተበተኑ። እሱ ግን አላያቸውም።

«ያቺን አታድርጓት» አለ።

«ምኗን፣ ጋሼ?» አለች ሂክማ።

«ያቺን ቁጥር። ያቺ ቁጥር የኔ ውሸት ናት።»

 እኔ ብዕሬን ይዤ ቀረሁ፤ ይህን ልጻፍ ወይስ አልጻፍ አላውቅም።

አለኸኝ ቆሞ ተናገረ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ግን ሰው ሁሉ ይሰማዋል። በዚያ ነሐሴ በአሥራ አንድ ገና ሳይነጋ ይርጋለም ምጥ ያዛት። ቀኑ አልደረሰም ነበር። ውሃው ከደጃፋቸው አልፎ መደቡ ሥር ደርሷል። ሁለት ጎረቤቶቹ በታንኳ አድርገው እስከ አስፓልቱ ቀዘፉላቸው። ከዚያ በባጃጅ ወረታ ጤና ጣቢያ አደረሷት። በአሥራ ሁለት ሴት ልጅ ወለደች። በአሥራ ሦስት ጠዋት ልጅቱ ሞተች። በአሥራ አራት ማታ ሲመሽ ቀዛፊዎቹ መጥተው በዚያው ታንኳ ባዶ እጃቸውን መለሷቸው።

«በነጋታው ወንዙ ዳር ሄድሁ» አለ። «ብረቱ አራት ሜትር ከአሥራ ሁለት ይላል። መዝገቡን ስከፍት አራት ቀን ባዶ ነው። ስምንት ቁጥር የለም። ባዶ ከሆነ ሥራውን ጥሎ ጠፋ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። እንዲህ ሆኖ ይሆናል ብዬ ስምንቱንም ጻፍኋቸው። ያቺ አንዷ ናት። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ደብዳቤ ስትልኩልኝ ይህን ደርሳችሁበት የጠራችሁኝ መስሎኝ ነበር።»

የተከበሩ ሰውመሆን መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ አቶ አለኸኝ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ በዚያ ዓመት ጎርፍ አልነበረም እያሉ ነው?»

«እንዴት አይኖርም! ቤቴ ገብቶ የለ?»

«ስለዚህ ውሃው እርስዎ ከጻፉት ያንስ ነበር?»

«ሳይበልጥ አይቀርም። ጎረቤቶቼ ቡሄ ዕለት የብረቱ ጫፍ አይታይም ነበር ይላሉ። ከአምስት ሜትር በላይ ማለት ነው።»

«ታዲያ ይህ እኮ ለጉዳያችን የበለጠ ይጠቅማል!»

«ይጠቅም ይሆናል። እኔ ግን አላየሁትም» አለ አለኸኝ። «ላላየሁት አልፈርምም።»

ተወካዩ መነጽራቸውን መልሰው አደረጉና ሂክማን አዩአት፤ ምን ላድርግ የሚሉ ይመስላሉ። እሷም የምታደርገው የጠፋት መሰለች። ወረቀቶቿን ስታገላብጥ ቆየችና አንዱ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ በአሥራ ሁለት እዚህ የተደረገው ውይይት ቃለ ጉባኤ በእጄ አለ። ‹ከሁሉም ቀበሌዎች የተውጣጡ ነዋሪዎች ተገኝተዋል› ይላል። ከእርስዎ ቀበሌ የመጣ ሰው ነበር?»

አለኸኝ አሰበ። «በእነዚያ ቀኖች ከቀበሌያችን የወጣነው እኔ፣ ይርጋለምና ሁለቱ ቀዛፊዎች ነን። ቀዛፊዎቹ በዚያው ቀን ተመልሰዋል። እኛ ጤና ጣቢያ ነበርን። እዚህ ስብሰባ መኖሩንም አልሰማንም።»

«ታዲያ ይህን ማን ጻፈው?» አለች ሂክማ፤ ማንንም ለይታ ሳይሆን ራሷን ነበር የምትጠይቀው። ከዚያ ተወካዩ ሰዓታቸውን አይተው ወደ ሌላ ጥያቄ አለፉ።

እኔ ነበርሁ የጻፍሁት። ቅጂው ላይ ስሜ አልተተየበም፤ ፊርማ ብቻ ነው ያለው፤ ፊርማዬን ደግሞ ማንም አያነበውም። ጉባኤው እስኪያበቃ አቀርቅሬ መጻፌን ቀጠልሁ። የአለኸኝን ቃል ሁሉ አንድም ሳልተው ጻፍሁ። እጄ ይጽፋል፤ እኔ ግን የት እንዳለሁ አላውቅም ነበር።

ስንወጣ ደብተሮቹን አብረን ለቀምናቸው። እስከ መገናኛው መንገድ ሸኘሁት። ባጃጆቹ የሚቆሙበት ስንደርስ ነገርሁት።

«ያ ቃለ ጉባኤ የኔ ነው» አልሁት።

«የትኛው?»

«የ2006ቱ። ከሁሉም ቀበሌ መጥተዋል የሚለው። እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

ትኩር ብሎ አየኝ። «ከእኛ ቀበሌ ማንን አይተህ ነው?»

«ማንንም አላየሁም። ሁልጊዜ የምጽፈው እንደዚያ ነው። አዳራሹ ከሞላ ያንን ዓረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ከቀድሞው ጸሐፊ የወረስሁት ነው።»

«ሁልጊዜ?»

«ሁልጊዜ።»

 የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ እሱ ግን ግራ ነው የተጋባው። «እኔ ስምንት ቁጥር ጽፌ ስምንት ዓመት እንቅልፍ አጣሁ» አለ። «አንተ ሃያ ዓመት እንዴት ተኛህ?»

  ሲታሰበኝ፣ ያ ዓረፍተ ነገር ውሸት ነው ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም፤ እንደ ቀንና እንደ ቦታ ሁሉ መግቢያው ላይ የሚገባ ነገር ነበር።

በነጋታው እሑድ ሂክማ ወደ አዲስ አበባ ከመመለሷ በፊት አባቷ ሱቅ ሄድሁ። የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኋት። አባቷ ጀላል ሜትሩን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ሲሰማ ቆየ።

ሂክማ ራሷን ያዘች። «መምህር፣ ውሃው አልተለካም፤ ሰዉ አልመጣም። እኔ ሁለቱን መዝገብ አንድ ላይ አስቀምጬ ነው ይህን ሁሉ ያሰላሁት። አሁን ምንድን ነው የማቀርበው?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ።»

«የቀሩትስ? የሌሎቹ ዓመቶች ቃለ ጉባኤ?»

«በክረምት የተደረጉት ሁሉ እንደዚያው ናቸው። የአለኸኝን መዝገብ ግን እመኛት። ከስምንቱ ቁጥር በቀር የሱን እመኛት።»

ጀላል ያን ጊዜ ገባበት። «አልገባኝም» አለ። «ሰዉ አለመምጣቱ አይደል እንዴ ማሳየት የፈለግሽው? ይኸው ጸሐፊው ራሱ አልመጣም አለሽ። ምኑ ነው የተበላሸው?»

ሂክማ አባቷን አየችው፤ እኔንም አየችኝ። ከዚያ ብዕር አወጣች። አራቱን ቀን በሰማያዊው መስመር ላይ ባዶ አድርጋ እንደምትተው፣ ምክንያቱንም ከሥሩ እንደምትጽፍ ነገረችን። ቃለ ጉባኤዎቹን በሚመለከት የሰጠሁትን ቃል ጽፋ አስፈረመችኝ።  ከዚያ ወዲህ ለቃለ ጉባኤ የጠራኝ የለም፤ ቢጠሩኝም የምሄድ አይመስለኝም።

በጥር ወር ስልክ ደወለች። ረዥሙ የክረምት እረፍት በሕገ መንግሥቱ ላይ የተጻፈ ስለሆነ እንደማይነካ ነገረችኝ። የመሃሉ አንድ ወር ግን ምክር ቤቱ ራሱ የሚወስነው በመሆኑ፣ ውሃ የሚውጣቸው አካባቢዎች ተወካዮች በዚያ ወር አዳራሽ ውስጥ ሳይሆን ቀበሌው ድረስ ሄደው እንዲወያዩ ለሙከራ ተይዟል። አለኸኝ ዘንድ ልጅ ሳልልክ ራሴ ሄጄ ነገርሁት። ሽምብራው መሃል ቆሞ ሰማኝ።

«የኔ ቃል ነው ይህን ያመጣው?» አለኝ።

«እንጃ። ከየቦታው ብዙ ሰው ተጠይቋል ትላለች።»

«ባዶው ቦታ ነው ወይስ ቁጥሩ?»

እሱንም አላውቅም አልሁት።

የካቲት ላይ የተከበሩ ሰውመሆን በእርግጥ መጡ። መኪናቸው በደረቀው ሜዳ ላይ አቧራ እያስነሳ ሲመጣ ሰው ሁሉ ከየማሳው ቀና ብሎ አየ። ከወንዙ ዳር ካለች አንዲት ትልቅ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። እኔ ያለ ወረቀት፣ እንደ ማንኛውም ሰው ሣር ላይ ተቀመጥሁ። መቶ ሃምሳ ሰው ይሆናል። አለኸኝ ግን ቆጥሮ መቶ ስልሳ ሦስት ነው አለኝ።

ተወካዩ ስለ አሠራሩ ተናገሩ። ምክር ቤቱ ማክሰኞና ሐሙስ እንደሚሰበሰብ፣ በሌሎቹ ቀኖች ኮሚቴዎች አዋጅ እንደሚመረምሩ፣ ለሚኒስትሮች ጥያቄ እንደሚቀርብ አስረዱ። ከዚያ «በሉ፣ እናንተ ተናገሩ፤ የመጣሁት ለመስማት ነው» አሉ።

ማንም አልተናገረም።  ሰው እርስ በርሱ ይተያያል። ለመናገር ፈርቶ አይደለም፤ ከየት እንደሚጀመር ጠፍቶት ነው። ለስንት ዓመት የተከማቸ ነገር አለ፤ እንዲህ ቁጭ ብሎ የሚሰማ ሰው ሲገኝ ግን የመጀመሪያው ቃል የቱ ነው?

በመጨረሻ የተናገረችው ይርጋለም ናት። ከሴቶቹ መሃል ሳትነሳ ነበር የጠየቀችው።

«ጌታዬ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ስትሰበሰቡ እኛ እንነሳለን?»

«እንዴት ማለትዎ ነው?»

«ስማችን። ይህ ቀበሌ። እዚያ ሲጠራ ሰምተው ያውቃሉ?»

የተከበሩ ሰውመሆን ሊመልሱ ጀመሩና ተዉት።  «እስከ ዛሬ አልሰማሁም» አሉ። «እኔም አላነሳሁም።»

ከዚያ በኋላ ሰዉ አንድ ባንድ መናገር ጀመረ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ጤና ኬላው፣ ስለ ወንዙ ግድብ፣ ስለ ሩዝ መፈልፈያው። እማዋይሽም ስለ ማኅበራቸው ቀን ተናገሩ፤ ተወካዩ ማንም እንደማይነካባቸው ቃል ገቡላቸው። ሁሉንም በገዛ እጃቸው ሲጽፉ አየኋቸው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዱ። አለኸኝ ሰዓቱ ደርሶ ስለነበር እስከ መኪናቸው አልሸኛቸውም።

ሐምሌ ሲጋመስ ርብ ሞላ። አንድ ቀን ጠዋት አለኸኝ በስልክ ደወለልኝ። ውሃው ደጃፉ ላይ ደርሷል፤ ከብቶቹን ወደ ተረተሩ አውጥቷል።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለኝ። «ተወካያችን ዘንድሮ ክረምት ይመጣል?»

«የሚመጣ አይመስለኝም። የናንተን ቀበሌ በየካቲት ጨርሷል።»

«እኮ! እሱን ነው የምልህ። በየካቲት ሲመጣ ያየው አቧራ ነው። ግድቡን ስንነግረው ‹ውሃው የት ድረስ ነው የሚደርሰው?› እያለ ይጠይቅ ነበር፤ በእጃችን ነው ያሳየነው። አሁን ቢመጣ በዓይኑ ያይ ነበር። ድሮ በክረምት ሲመጡ እኛን አያዩም፤ አሁን በበጋ ሲመጡ ውሃውን አያዩም። ደግ ነገር ነው የሠራነው ወይስ አጠፋን?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዞርሁ። 

«ለሂክማ ደብዳቤ ጻፍልኝ» አለ። «በሁለቱም ጊዜ ይምጡ በል።»

ወረቀት አምጥቼ መጻፍ ጀመርሁ። ሁለት መስመር ሳልጨርስ «ቆይ» አለኝ።

«ምነው?»

«በክረምትም በበጋም እኛ ዘንድ ከመጡ አዋጁን መቼ ይጽፉታል? ሂክማ ያኔ ቀኖቹን ስታሰላ ሰምቼ ነበር፤ ብዙ አይደሉም። ሌላውም አገር እንደኛ ነው። ሁሉም በሁለት ጊዜ ይምጡ ካለ…» ከስልኩ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ውሃና የይርጋለም ድምፅ ይሰማኛል።

«ታዲያ ምን ልጻፍ?» አልሁት።

«ተወው። ማለት፣ አትቅደደው። አስቀምጠው። ይርጋለምን ልጠይቃትና እደውልልሃለሁ።»

ይርጋለምን ጠይቆ ደወለ። እሷ ደግሞ ተወካዩ ለሁለት ቀንም ቢሆን በክረምት መጥቶ ከእነሱ ቤት ይደር ብላለች፤ ስብሰባ አያስፈልግም፤ ቁጭ ብሎ ውሃው ሲገባ ይይ። አለኸኝ ይህ ይጻፍ አይጻፍ አልወሰነም። እንግዳ እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እንዴት ይታደራል ይላል፤ ደግሞ የእሷ ሐሳብ ከእሱ ሐሳብ የተሻለ ይመስለዋል። እኔ የእሷን ቃል ከእሱ ሁለት መስመር ሥር ጻፍሁት። በኋላ በአካል ሲመጣ አሳየሁት፤ ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ብዕሩን ተቀብሎኝ ለመፈረም ጎንበስ አለና ቀና ብሎ «እስቲ መስከረም ይጥባ» አለኝ። ደብዳቤው ሳይፈረም እኔ ቤት ነው ያለው።